ያልተቀባው ግራ ጉንጭ

ውድ ሳልህ፣

እንደ ወጉ ቢሆን «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። አንተ ደህና ሁን አትሁን አላውቅም፤ እኔም ደህና አይደለሁም። ስለዚህ ወጉን እንተወውና ወደ ነገሩ እንግባ።

ይህን የምጽፍልህ ደንገሉ ውስጥ ሆኜ ነው። ያው ርብ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ከሚገባበት ወዲህ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት በየካቲት አንተና እኔ የተደበቅንበት ቦታ። «ከተያዝኩበት ቦታ ተመልሶ መግባት ቂልነት ነው» ትለኝ ይሆናል። ታዲያ ሌላ የት አለ? የፎገራን ሜዳ ታውቀዋለህ፤ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ፣ አንድ ሰው ቀና ቢል ከወረታ እስከ ይፋግ የሚታይበት አገር ነው። ከወዲያ ሐይቁ አለ፣ ከወዲህ አብዮት ጠባቂዎቹ የሚመላለሱበት የናበጋ መንገድ። ታንኳ ሠሪዎች የቆረጡት የደንገል ጉቶ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ነው። ወረቀቱ የወንድምህ የኢሳቅ ደብተር ነው። ባለቤቱም እዚሁ አጠገቤ፣ ደንገል አንጥፌለት ተኝቷል። አዎ፣ ኢሳቅ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው፤ ስሙም በዘማቾቹ ዝርዝር ላይ ወጣ።

ጭንቄ ይኸው ነው። አፈሳው እስኪያልፍ ወንድምህን እዚህ ማቆየት አለብኝ። አንተን ባላቆየሁበት ቦታ እሱን አቆይ ተብያለሁ። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አልወስደውም፤ እየተከፈተ እንደሚነበብ እኔም አንተም እናውቃለን። ፍላጻ በምንይዝበት ቀርቀሃ ውስጥ ጠቅልዬ አኖረዋለሁ፤ መጥተህ ታነበዋለህ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ጠላም አላወጣልኝም፤ እንግዲህ እርሳስ ያውጣው።

ቀስቱን ያስያዙንን ሰውዬ አልረሳሃቸውም መቼም። አያ ወልደ ሥላሴ ወጣትነታቸውን በመተከል ቆላ ሲነግዱ ጨርሰው፣ ከዚያ ይዘውት የተመለሱት ሀብት አንድ ቀስትና በየክረምቱ የምትነሣባቸው ወባ ነበረች። መንግሥት የገበሬውን ጠመንጃ ሰብስቦ ሲወስድና ከርከሮው የልብ ልብ ሲሰማው፣ ሽምብራውንና ጓያውን እየገለበጠ ሲያድር፣ «ቀስት አስረክብ ያለኝ የለም» ብለው ከጣሪያው ሥር አወረዷት። አንተ የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ጨውና ላምባ እየሸጥክ ያደግህ፣ ከእኔ ከገበሬው ልጅ ቀድመህ ዒላማ መምታትህ እስካሁን ያናድደኛል።

አያ ወልደ ሥላሴ ግን ከቀስቱ ይልቅ ያስጨነቁን በፊታችን ነው። ከርከሮ ቀስት አያውቅም፣ የሰው ፊት ግን ያውቃል ይሉን ነበር። ስንቱን ቀን ነው ጉብታቸው ላይ አስቀምጠው ያስተማሩን! የድስት ጥቀርሻ ብቻውን ከሆነ ላብ ሲነካው ያብለጨልጫል፣ አመድ ይግባበት። ጭቃው ከምትቀመጥበት ቦታ ይሁን፤ የዋልካ ጭቃ ተቀብቶ ደረቅ ሣር ውስጥ የገባ ሰው ወተት ላይ የወደቀ ዝንብ ነው። ፊትህን ሙሉ በሙሉ አታጥቁረው፤ ክብና ጥቁር ሆኖ የሚታይ ነገር ሁሉ ጭንቅላት መሆኑን አውሬ ያውቃል። ፀሐይ የሚያርፍበትን፣ ግንባርን፣ አፍንጫንና ጉንጭን በጭቃ አጨልም፤ ከዓይን ሥር ያለውን ጎድጓዳ በአመድ አንጣው፤ ከዚያ በሦስት ጣት ከግንባር እስከ አገጭ ሰያፍ ሰንጥቀው። ጆሮና የዓይን ሽፋን አይረሳ። ቅቤ የጠጣ ራስ ይዞ የመጣ ቤቱ ይመለስ። ደግሞም አውሬውን ዓይን ዓይኑን አትየው፤ እግሩን እያየህ ጠብቅ። ዓይን ዓይንን ይጠራል፤ አንተ ካላየኸው እሱም አያይህም።

ከሁሉም የበለጠው ሕግ ግን ማንም ሰው የራሱን ፊት አይቀባም የሚለው ነበር። የራሱን ፊት የሚያይ ሰው የለም። አንተ አራዳው «መስታወት ላምጣ» ብትላቸው፣ መስታወትማ ደብረ ታቦር ድረስ ያበራል ብለው ሳቁብህ። ጓደኛህ ይቀባሃል፣ አንተ ጓደኛህን ትቀባለህ፤ አለቀ። ስትቀባኝ ማተቤን በአንድ ጣትህ ከፍ አድርገህ ነበር ሥሩን የምትቀባው፣ ጭቃ እንዳይነካው። ይህን ያስተማረህ የለም። እስላም ሆነህ ለማተቤ ከእኔ ይልቅ ትጠነቀቅ ነበር።

ድኩላ የጣልን ዕለት ደግሞ ያች የታወቀችው ጣጣችን ነበረች። ቀስታችን አንድ፣ ቢላችን ሁለት። እኔ በስመ አብ ብዬ ከባረክሁት አንተ አትቀምሰውም፤ አንተ ቢስሚላህ ካልክበት እኔ አልቀምሰውም። በተራ ይሁን ተባባልን፤ አንዱ ድኩላ የእኔ፣ የሚቀጥለው ያንተ። ተራው ያልደረሰው ቆዳ ገፎ፣ ሥጋ ተሸክሞ፣ ምራቁን እየዋጠ ይመለሳል። እናትህ እትዬ ሰኪና «ሁለት ሞኝ ባንድ ቀስት» እያሉ ይስቁብን ነበር። እሳቸው ግን ወረታ ስማር ስድስት ዓመት ጓዳቸው ሲያሳድሩኝ፣ ለብቻዬ ድስት ገዝተው፣ «ይህቺ የአበረ ናት፣ ማንም እንዳይነካት» ብለው ሽሮ የሚሠሩልኝ ሴት ናቸው። የገዛ እናቴ እንኳ ድስት ገዝታልኝ አታውቅም።

እንግዲህ ወደዚያ የካቲት ልግባ። እጄ እንቢ እያለኝ ነው እንጂ ማስረዘሜ አይደለም።

የአፈሳው ወሬ ሲመጣ ቀስቱንና አንድ ስልቻ ቆሎ ይዘን እዚህ ገባን። አብዮት ጠባቂዎቹ ሜዳውን ሞልተውት ስለነበር ከገባን በኋላ መውጣት የለም። ቆሎው በአራተኛው ቀን አለቀ። አትስቅ፣ አታስል፣ እሳት አታንድድ፣ ቀና አትበል። እሱን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የአንተን ሶላት ነው። አምስቱን ወቅት እያጣመርክ በሦስት ብትሰግደውም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ፊትህን ትታጠባለህ፣ በቀን ሦስት ጊዜ እኔ እንደገና እቀባሃለሁ። ውሃ የሌለ እንደሆነ በአፈር ይበቃል ብለኸኝ ስለነበር «በቃ በአፈር አድርገው» ብዬ ለመንኩህ። ዙሪያችንን አየኸው። «እስከ ጉልበታችን ውሃ ውስጥ ቆመን፣ ውሃ አጣሁ ብዬ ማንን ልዋሽ?» አልከኝ። እውነትህን ነበር፤ እውነትህ ግን አንጀቴን አቃጠለው።

በስድስተኛው ቀን ያች ድኩላ ውሃ ልትጠጣ መጣች። የወጋሃት አንተ ነህ። ተራው ግን የእኔ ነበር፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ፍላጻው ገብቶባት ከቦዩ ማዶ፣ በአንተ በኩል ወደቀች። ጠብቀኝ ብዬ እንዳልጮህ ጩኸት የለም። እጄን አወዛወዝኩልህ፤ አላየኸኝም። እየተንፈራገጠች ነበር፤ ነፍሷ ሳይወጣ ካልታረደች በክት ናት፣ ለአንተም ለእኔም አትሆንም። ቢስሚላህ ብለህ አረድካት። እኔ ቦዩን ተሻግሬ ስደርስ ደሟ ፈሶ አልቋል።

ሌላ ምን ታደርግ ነበር? ምንም። ይህን ያኔም አውቄዋለሁ። የተራበ ሰው ግን የሚያውቀውን ነገር አያስበውም። ከሽንጧ ቆርጠህ ጥሬውን ዘረጋህልኝ፤ ብላ፣ እግዜርም ያለንበትን ያያል አልከኝ። «ማተቤን በጥሼ ልብላ?» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ፊቴ ላለመብላት ከደንገሉ ጀርባ ዞር ብለህ በላህ። ስታኝክ ይሰማኛል። ሳልህ፣ ስታኝክ ጠላሁህ። ስድስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር አብሬው ያደርኩትን፣ ማተቤን በጣቱ የሚያነሳልኝን ሰው፣ ለአንዲት ቁራጭ ሥጋ ጠላሁት።

በማግሥቱ ለአስር ሶላት ታጥበህ፣ ሰግደህ መጣህና እንደ ልማድህ ዓይንህን ጨፍነህ ፊትህን ሰጠኸኝ። ግንባርህን ቀባሁ። አፍንጫህን ቀባሁ። ቀኝ ጉንጭህን፣ ጆሮዎችህን፣ አንገትህን። ግራው ላይ ስደርስ እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ ታጠብኩና «ጨረስኩ» አልኩህ።

እንዳትሳሳት፣ እንዲይዙህ ብዬ አይደለም። በማርያም፣ አይደለም! እንድትለምነኝ ነው የፈለግኩት። «አበረ፣ ግራው ቀርቷል፣ እባክህ» እንድትለኝ። አንዴ አንገትህን ብትደፋልኝ ኩርፊያዬ የሚወጣልኝ መሰለኝ። አንተ ዓይንህን ገልጠህ ትንሽ አየኸኝና ምንም ሳትል ቦታህ ሄደህ ተቀመጥክ።

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ አዘቅዝቃለች፤ አንተ ግራህን ለሐይቁ ሰጥተህ ነው የተቀመጥከው። የቀበሌው ሊቀመንበር ካሴ ሰዎቹን አሰልፎ በየብስ ሲመጣ አየናቸው፤ በታንኳ የሚመጡትን ግን አላየንም። ከታንኳው ላይ አንዱ «እዚያ ጋ አንድ የሚያበራ ነገር አለ» አለ። ረጋ ብሎ ነው ያለው፣ የጠፋ ዕቃ ያገኘ ይመስላል። ከዚያ የጠመንጃ ቃታ ሰማሁ።

ተነሣህ። እኔ ካለሁበት በተቃራኒ በኩል፣ ውሃውን እያንቦጫረቅህ፣ ፈጠን ብለህ ሄድክላቸው። ካሴ ብቻህን ነህ ወይ ሲልህ «ብቻዬን ነኝ» አልክ። ከተነሣህበት ቦታ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላየህም። ዓይን ዓይንን ይጠራል፤ ያን የአያ ወልደ ሥላሴን ትምህርት ለእኔ አዋልከው። እኔ ደግሞ ተቀብቼ፣ ሙሉ ፊቴን በአንተ እጅ ተቀብቼ፣ ጭቃ ሆኜ ተቀመጥኩ። ቀበሌው የተጠየቀው ሰው በአንተ ሞላና አፈሳው በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬን አትጠይቀኝ። ከጎተራው ጀርባ ባለች ጥበት፣ ቀን ቀን ጉልበቴን አቅፌ ነው የምውለው። ወረታ ገበያ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ሰው ሲመጣ እናቴ እህል እየሰፈረች ታስላለች፤ ያ ምልክታችን ነው። የተያዝከው አንተ፣ የታሰርኩት እኔ ብዬ አንድ ቀን ራሴን ላጽናና ሞከርኩና አፈርኩ።

ለእናትህ ከግንባር የጻፍካቸው ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰዋል። በሦስቱም መጨረሻ ላይ «ለአበረ ሰላም በሉልኝ፣ ፊቱን እንዳይታጠብ ንገሩት» የሚል ነበረበት። እትዬ ሰኪና ቀልድ መሰላቸውና እየሳቁ አስነገሩኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ተደብቀህ ቆይ ማለትህ ነው? ወይስ ያደረግኸውን አውቃለሁ ማለትህ ነው? ሁለቱን እያገላበጥኩ ስንት ሌሊት አነጋሁ። ከአምናው መጋቢት ወዲህ ደግሞ እሱም ቆመ። ስለዚያ መጋቢት ውጊያ የሚወራውን ወሬ እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ግን ጎተራው ሥር ተቀምጬ ደረስኩበት። ጭቃ ሲደርቅ ቆዳን ይይዛል። የተቀባ ሰው የተቀባበትንና የቀረበትን መስታወት ሳያይ ያውቀዋል። ታውቅ ነበር ማለት ነው። አውቀህ አልጠየቅኸኝም፤ እኔም አውቄ አልቀባሁህም። በሁለት ሰው ኩራት መካከል አንዲት ጉንጭ ቀረች።

ባለፈው ሰኞ እናቴ አሳለችና ትንፋሼን ውጬ ስጠብቅ፣ የመጡት እትዬ ሰኪና ናቸው። ጨው ሊሸጡ የመጡ አስመስለው አህያ እየነዱ፣ ኢሳቅን አስከትለው። በጣም አርጅተዋል፤ ልዋሽህ አልችልም። ጎተራው ሥር ድረስ ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡና፣ ኢሳቅም ዝርዝር ውስጥ መግባቱን፣ ሳምንቱ ሳይወጣ ሰዎቹ እንደሚመጡ፣ ደንገሉን ከእኔ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ነገሩኝ። «እንደ ሳልህ አድርገህ ቅባልኝ» አሉኝ።

እንደ ሳልህ! ምን ልበላቸው? እንቢ ብል ልጁ ይወሰዳል። እሺ ብዬ ዝም ብል ያችን ድስት የገዙልኝን ሴት ሁለተኛ ጊዜ መክዳቴ ነው። ብነግራቸው ደግሞ ልጃቸውን ለእኔ አይሰጡኝም፤ ያኔም ይወሰዳል። መውጫ አልነበረውም። ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ድኩላዋን፣ ኩርፊያዬን፣ እጄን መታጠቤን፣ ኢሳቅ እዚያው ቆሞ እየሰማ ነገርኳቸው።

እትዬ ሰኪና አላለቀሱም። አልረገሙኝም። የነጠላቸውን ጫፍ አጥፈው ዘረጉት።

«የትኛው ጉንጩ ነው?» አሉ።

«ግራው» አልኳቸው።

ኢሳቅን በእጁ ይዘው ፊቴ አስቀመጡት። የእናቴን ድስት አንሥተው ጥቀርሻውን በጣታቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና መዳፌ ላይ አራገፉልኝ። «በል፣ ከግራው ጀምር» አሉኝ።

ይኸው እንግዲህ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ገባን፤ ቀኑን ሙሉ ወንድምህ ቃል አልተነፈሰኝም። እንዳንተው ይታጠባል፣ እንዳንተው ይሰግዳል፤ እኔም ሳልነጫነጭ እየጠበቅሁ ከግራው ጀምሬ እቀባዋለሁ። ትናንት እኔን የመቀባት ተራው ደረሰና ዓይኔን ጨፈንኩለት። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ቀኝ ጉንጬን፣ ጆሮዎቼን። ማተቤንም በጣቱ ከፍ አድርጎ ሥሩን ቀባ፤ ማን እንዳስተማረው እንጃ። ከዚያ ጨረስኩ አለኝና ሄዶ ተቀመጠ።

ጭቃው ሲደርቅ ፊቴ ያዘኝ። በግራ በኩል ምንም አልያዘኝም።

ዝም አልኩ። ይገባኛል ብዬ ነው። ቀኑ እየመሸ፣ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ እየወረደች፣ ጉንጬ ላይ ሙቀቷ እየተሰማኝ ዝም አልኩ። ይኸኔ አንተ እዚህ ተቀምጠህ የተሰማህ ሁሉ ተሰማኝ፤ መለመን እንዴት እንደሚያንቅ። አንተን ምንም አልወቅስህም። ግን እኔ ከታየሁ እሱም ይታያል። ለእናትህ የገባሁት ቃል ከኩራቴም ከበደሌም ይበልጣል።

«ኢሳቅ፣ ግራ ጉንጬ ባዶ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ትጠይቅ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ጭቃ ዘግኖ መጣ። እየቀባኝ ሳለ፣ ሳልህ ቢጠይቅህ ኖሮ ትቀባው ነበር ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። እውነት ይሁን አይሁን ከትናንት ጀምሮ እያሰብኩት ነው። እውነት ይመስለኛል። እውነት ይሁንልኝ።

አሁን ነቅቷል፤ ለአስር እየታጠበ ነው። ከሐይቁ በኩል የታንኳ መቅዘፊያ ይሰማኛል፤ ዓሣ አጥማጅ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ይህቺን ጠቅልዬ ቀርቀሃው ውስጥ ላስገባና እጄን ላዘጋጅ። ስትመጣ ድኩላዋ የአንተ ተራ ናት፤ የሚቀጥለውም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም ያንተ ይሁን፤ እኔ ቆዳ እገፍፋለሁ። ብቻ ና። መልእክትህን እንደሆነ ጠብቄዋለሁ፣ ፊቴን አልታጠብኩም።

ወንድምህ መጥቶ ፊቴ ተቀምጧል፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ከግራው እጀምራለሁ።

አበረ